አሠሪው መንግሥት ሲሆን፦ የሠራተኛ ማኅበርና ፖለቲካ ከአዲስ አበባ እስከ አሶሳ

የሠራተኛ ማኅበር በሕግ ትርጉሙ የፖለቲካ ድርጅት አይደለም፤ በአንድ ድርጅት ወይም በአንድ የሥራ ዘርፍ የተቀጠሩ ሰዎች ደመወዛቸውን፣ የሥራ ሰዓታቸውን፣ የሥራ ላይ ደኅንነታቸውንና ክብራቸውን በጋራ ለማስጠበቅ የሚያቋቁሙት፣ ከአሠሪው ጋር ተደራድሮ የኅብረት ስምምነት የሚፈራረም ማኅበር ነው። በኢትዮጵያ ግን ይህ ማኅበር ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ከፖለቲካ ርቆ የኖረበት ዘመን የለም፤ የአገሪቱ ትልቁ አሠሪ መንግሥት ስለሆነ፣ የአሠሪና ሠራተኛን ሕግ የሚያወጣው፣ ማኅበሩን የሚመዘግበው፣ አድማው ሕጋዊ ነው ወይም አይደለም የሚለውም በየደረጃው ያው መንግሥት ስለሆነ፣ ስለ ዳቦ ዋጋ የተነሳ ጥያቄ ብዙ ሳይጓዝ ከቤተ መንግሥት ደጃፍ ይደርሳል። ላለፉት ስድሳ ዓመታት አገሪቱን የገዙት ሦስቱም ሥርዓቶች የሠራተኛ ማኅበር እንዲኖር ፈልገዋል፤ ማኅበሩ የራሱን ድምፅ ባሰማ ጊዜ ግን ሦስቱም ደንግጠዋል፤ ይህ ጽሑፍ የሚከታተለውም ያንን ድንጋጤ ነው።

የነገሩን ጥልቀት ለማየት ፋብሪካ ከበዛባቸው ከተሞች ይልቅ የሠራተኛ ማኅበር ስም እምብዛም የማይነሳበትን ምዕራባዊ ጠረፍ ማሰብ ይረዳል። በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በተለይም በመዲናዋ በአሶሳ፣ የወር ደመወዝ ከሚያገኘው ሰው አብዛኛው የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ከከተማው ወጣ ሲባል ደግሞ ኑሮው በእርሻ፣ በባህላዊ ወርቅ ማውጣትና ለአዝመራ ከሌላ አካባቢ በሚመጡ የቀን ሠራተኞች ጉልበት ላይ የቆመ ነው። በዚሁ ክልል በመተከል ዞን፣ በጉባ ወረዳ፣ በአገሪቱ ታሪክ ከታዩት የግንባታ ሥራዎች ሁሉ ትልቁ የሆነው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ለ14 ዓመታት ተሠርቷል። ሦስቱም ዓይነት ሠራተኞች፣ ማለትም የቢሮው፣ የወርቁና የግድቡ፣ እያንዳንዳቸው በሌላ ምክንያት ከማኅበር ደጅ ውጭ የቆሙ ናቸው፤ ምክንያቱ ግን ከታሪኩ ተለይቶ አይገባም።

ታሪኩ የሚጀምረው ከእድር ነው። ሕግ የሠራተኛ ማኅበርን ከማወቁ በፊት በድሬዳዋ የምድር ባቡር ሠራተኞችና በ1946 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ዘንድ የተፈጠሩት መሰባሰቢያዎች በመረዳጃ ማኅበር መልክ የቆሙ፣ ለሐዘንና ለሕመም ገንዘብ የሚያዋጡ ነበሩ፤ ነገር ግን ለሬሳ ማንሻ የተሰበሰበው ሰው ስለ ደመወዝ መነጋገሩ አይቀርምና፣ የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ ያስተዳድረው የነበረው የወንጂ ሠፈር ብዙ ሳይቆይ ከአገሪቱ ቀዳሚ የሥራ ማቆም አድማዎች አንዳንዶቹን አስተናገደ። በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሥራ የመምረጥና ለዚያም ማኅበር የመመሥረት መብት በጽሑፍ ቢሰፍርም፣ መብቱ አፈጻጸም ያገኘው በ1954 ዓ.ም. ማብቂያ በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት ድንጋጌ ቁጥር 49 እና እሱን ባጸናው አዋጅ ቁጥር 210 ነው። ከታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ገና ያላገገመው ቤተ መንግሥት ይህን ሕግ ያወጣው ሠራተኛውን በሚታይና በሚመዘገብ ቤት ውስጥ ለማኖር ጭምር እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር፣ በአጭር ስሙ ኢሠአማ፣ በየድርጅቱ የሚቋቋሙትን መሠረታዊ ማኅበራት በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያሰባስብ የመጀመሪያው አገር አቀፍ ድርጅት ነበር፤ በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ የመደራጀት ነፃነትንና በኅብረት የመደራደር መብትን የሚመለከቱትን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነቶች ቁጥር 87 እና 98 አጸደቀች። ሕጉ የመንግሥት ሠራተኞችንና የቤት ሠራተኞችን አያቅፍም ነበር፤ ይህ መከልከያ፣ ወደ ኋላ እንደሚታየው፣ ሥርዓት በተለወጠ ቁጥር አብሮ የማይለወጥ ቅርስ ሆኖ ቀረ። ኢሠአማ ከምዕራቡ ዓለም የነፃ ሠራተኞች ኮንፌዴሬሽን ጋር ተቆራኝቶ ከአሜሪካ የሠራተኛ ማኅበራት የሥልጠናና የገንዘብ ድጋፍ ያገኝ ስለነበር፣ የዘመኑ ግራ ዘመም ተማሪዎች መሪዎቹን ለቤተ መንግሥቱና ለውጭ ያደሩ አድርገው ይከሷቸው ነበር፤ ክሱ ሙሉ በሙሉ መሠረት የለሽ ባይሆንም፣ የ1966 ዓ.ም. የካቲት ሲደርስ የታየው ግን ከተማሪዎቹ ግምት ያለፈ ነው።

ያ ወር በአንድ ላይ የፈላ ወር ነበር። በጥር ወር በነገሌ ቦረና የጀመረው የወታደሮች ማመፅ በየካቲት ወደ ደብረ ዘይት አየር ኃይልና ወደ አሥመራ ሁለተኛ ክፍለ ጦር ተዛምቶ ነበር፤ የዓለም የነዳጅ ዋጋ መናሩን ተከትሎ ቤንዚን ሲወደድ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች የካቲት 11 ቀን መኪኖቻቸውን አቆሙ፤ መምህራንም መንግሥት ያዘጋጀውን የትምህርት ዘርፍ ጥናት ተቃውመው በዚያው ቀን ሥራ አቆሙ፤ በወሩ ሁለተኛ አጋማሽ የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወርዶ እንዳልካቸው መኮንን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በበየነ ሰሎሞን ይመራ የነበረው ኢሠአማ የካቲት 28 ቀን በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያውን ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ፤ አድማው እስከ መጋቢት 2 ቀን ለአራት ቀናት ቆየ።

አድማው ያቀረባቸው ጥያቄዎች ከደርዘን በላይ ሲሆኑ፣ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እንዲወሰን፣ የጡረታ መብት ለሁሉም ሠራተኛ እንዲዘረጋ፣ የሠራተኛ ሕጉ እንዲሻሻልና እስከዚያ ድረስ የመደራጀት መብት ያልነበራቸው የመንግሥት ድርጅቶች ሠራተኞች እንዲደራጁ የሚሉት ይገኙባቸዋል። ዝርዝሩን አንድ በአንድ የሚያነብ ሰው ዙፋኑን የሚነካ ቃል አያገኝም። ሆኖም አውቶቡሱ ባልወጣበት፣ ፋብሪካው ባልጮኸበት በእነዚያ አራት ቀናት ውስጥ ከተማው የተማረው፣ አገሪቱን ያንቀሳቅስ የነበረው ክንድ የማን እንደሆነ ነው፤ መንግሥት ተደራድሮ ሲፈርም ደግሞ ትምህርቱ ተባዛ፤ ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየማዘጋጃ ቤቱና በየድርጅቱ ሥራ ማቆም የተለመደ ነገር ሆነ፤ የደብር አገልጋዮች ሳይቀሩ የደመወዝ ጥያቄ አነሱ። ስለ የካቲት አብዮት ብዙ ጊዜ ሲጻፍ ወታደሩና ተማሪው ጎልተው ይወጣሉ፤ ሠራተኛው ግን የሚገባውን ቦታ አግኝቶ አያውቅም፤ ይህ መዛነፍ ሊታረም ይገባል፤ ያለ ጠቅላላው አድማ የእንዳልካቸው ካቢኔ ትንፋሽ ባላጠረው፣ የወታደሮቹ ኮሚቴ ደርግም በሰኔ ወር ባዶ ሜዳ ላይ ባልተሰበሰበ ነበር።

ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን አወረደ። ኢሠአማ በዚያው ሳምንት ጉባኤውን ተቀምጦ ሥልጣን ለሕዝባዊ መንግሥት እንዲሰጥ፣ ወታደሩም ወደ ጦር ሠፈሩ እንዲመለስ የሚል አቋም ወሰደ፤ በቀናት ውስጥም ሊቀ መንበሩ በየነ ሰሎሞንና የሥራ ባልደረቦቹ ታሰሩ። ስለ ሠራተኛው መደብ ታላቅነት ሌት ተቀን የሚናገር ሥርዓት ሥራውን የጀመረው የሠራተኛ መሪዎችን በማሰር መሆኑ፣ ቀጥሎ ለመጣው ሁሉ መግቢያ ሆነ። በ1967 ዓ.ም. መጨረሻ ወራት የማኅበሩ አመራር ደርግን የሚቃወመው የግራ ዘመሙ ፓርቲ የኢሕአፓ ተጽዕኖ ወደበረታበት ወገን ሲዞር ፍጥጫው ከረረ፤ በመስከረም 1968 ዓ.ም. በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የአየር መንገድ ሠራተኞች የኢሠአማን ጥሪ የያዘ ወረቀት ሲበትኑ ተኩስ ተከፍቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ወዲያው በአዲስ አበባ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በኅዳር ወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 64 ደግሞ የሠራተኛ ማኅበራትን አወቃቀር ከላይ እስከ ታች ለውጦ ኢሠአማን ከታሪክ መዝገብ ፋቀው።

የዚያን ዘመን መራራነት ለመረዳት አንድ ትንሽ ነገር በቅርብ ማየት ይበቃል፤ እሱም ቃል ነው። አውሮፓውያን ፕሮሌታሪያት የሚሉትን፣ ከጉልበቱ በቀር የሚሸጠው የሌለውን ሠራተኛ፣ ኢሕአፓ «ላብ አደር» ሲለው ተቀናቃኙ ግራ ዘመም ድርጅት መኢሶን «ወዝ አደር» ይለው ነበር፤ በኋላ የመጣው የደርግ ፓርቲ ጋዜጣ ደግሞ «ሠርቶ አደር» ተባለ። ላብና ወዝ በአማርኛ እጅግ የተጠጋጉ ቃላት ናቸው፤ ሁለቱም ሥራ ከሰው ገላ የሚያወጣው እርጥበት ናቸው፤ በ1968 እና በ1969 ዓ.ም. ግን አንድ ሰው ከሁለቱ የቱን እንደሚመርጥ መናገሩ የየትኛው ድርጅት ሰው እንደሆነ ያጋልጠው ነበር፣ መጋለጡም ሊያስገድለው ይችል ነበር። በ1969 ዓ.ም. በኢሠአማ ፋንታ የተቋቋመው የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ቴዎድሮስ በቀለ በሥልጣን ላይ ወራት እንኳ ሳይቆይ በተኩስ ተገደለ። ስሙ በሁሉም ወገን አንደበት ላይ የነበረው ሠራተኛ፣ በስሙ በተካሄደው መተላለቅ ውስጥ ከሁሉም ወገን ሞተ። ይኸው አዲስ ማኅበር ከዚያ በኋላ ከሥር ወደ ላይ የሠራተኛውን ጥያቄ ከማድረስ ይልቅ ከላይ ወደ ታች የመንግሥትን የምርት ዘመቻ የሚያወርድ መሰላል ሆኖ እስከ ሥርዓቱ ፍጻሜ ዘለቀ።

በ1983 ዓ.ም. የመጣው ሥርዓት ሕጉን በአዋጅ ቁጥር 42/1985 አደሰ፤ በኅዳር 1986 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን፣ ማለትም ኢሠማኮ፣ በዳዊ ኢብራሂም ሊቀ መንበርነት ተመሠረተ። ብር ከዶላር ጋር የነበረው ምንዛሪ ከ2.07 ወደ 5 ብር ወርዶ፣ የመንግሥት ድርጅቶች ወደ ግል እየተዛወሩ፣ ሠራተኛ ከሥራ እየተቀነሰ በነበረበት በዚያ የመዋቅራዊ ማስተካከያ ዘመን፣ አዲሱ ኮንፌዴሬሽን ፖሊሲውን በአደባባይ ሲነቅፍ መንግሥት የታገሠው ዓመት ያህል ብቻ ነበር፤ በ1987 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ምዝገባ ተሰረዘ፣ በ1989 ዓ.ም. በአዲስ አመራር ሲዋቀር ዳዊ ኢብራሂም አገር ጥለው ተሰደዱ። በመምህራኑ ቤት የደረሰው ይብሳል፤ የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ፕሬዚዳንት ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት በ1988 ዓ.ም. ታስረው እስከ 1994 ዓ.ም. በእስር ቆዩ፣ የማኅበሩ ባልደረባ አሰፋ ማሩ ደግሞ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም. በአዲስ አበባ መንገድ ላይ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። የማኅበሩ ስምና ንብረት ለሌላ ወገን የተወሰነውም ለዓመታት ፍርድ ቤት ከተመላለሰ በኋላ ነው።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በወረቀት ላይ ብዙ ይፈቅዳል። 10 ሠራተኞች ማኅበር መመሥረት ይችላሉ፤ መሠረታዊ ማኅበራት ፌዴሬሽን፣ ፌዴሬሽኖች ኮንፌዴሬሽን ያቋቁማሉ፤ ሠራተኛው በጽሑፍ ከተስማማ አሠሪው መዋጮውን ከደመወዝ ቆርጦ ለማኅበሩ ገቢ ያደርጋል። የሥራ ማቆም አድማም ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ከማኅበሩ አባላት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ መደገፍና ከ10 ቀን በፊት ማስጠንቀቂያ መስጠት ይገባል። ይህን ድንጋጌ በሦስት ፈረቃ ከሚሠራ ፋብሪካ አንፃር የሚመዝን ሰው ችግሩን ወዲያው ያየዋል፤ በማንኛውም ሰዓት ከሠራተኛው ሲሶው ማሽን ላይ ነው፣ ሲሶው ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ ተኝቷል፤ ሁለት ሦስተኛውን በአንድ አዳራሽ ለማየት አሠሪው ራሱ ማሽኑን እንዲያቆም መለመን ያስፈልጋል። በዚህ ላይ የአየር ትራንስፖርት፣ የመብራት፣ የውሃ፣ የሆስፒታልና የቴሌኮሙኒኬሽን ሠራተኞች አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎት ሰጪዎች ተብለው ከአድማ ተከልክለዋል። ሕጉ ማኅበሩን እንደ ተደራዳሪ ቢቀበለውም፣ ተደራዳሪ የሚያሰኘውን ጉልበት ግን ሰፍሮ ይሰጠዋል።

ስለዚህ ኢሠማኮ ባለፉት ዓመታት ዋና ትግሉን ወደ ሁለት ጥያቄዎች ማዞሩ የሚያስገርም አይደለም፤ ሁለቱም የሚመለሱት በፋብሪካ በር ሳይሆን በሚኒስትሮች ምክር ቤትና በፓርላማ ነው። አንደኛው የደመወዝ ወለል ነው፤ አዋጅ 1156 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም ዓመታት አልፈው ለግሉ ዘርፍ ሠራተኛ ከዚህ በታች አይከፈልም የሚል ቁጥር ሳይወሰን ቆየ፤ በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የልብስ ስፌት ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ቁጥሩ ለምን እንደሚያስፈልግ አይጠፋውም። ሁለተኛው የሥራ ግብር ነው፤ ከ2008ቱ አዋጅ ቁጥር 979 ጀምሮ ከ600 ብር በላይ የሚያገኝ ሁሉ ግብር ሲከፍል፣ 35 በመቶው ደግሞ ከ10,900 ብር በላይ ባለው ላይ ሲጣል ቆይቶ፣ የዋጋ ንረቱ የብሩን አቅም በበላበት ዘመን ከግብር ነፃ የሆነው መጠን ወደ 2,000 ብር ከፍ ያለው በ2017 ዓ.ም. ማሻሻያ ነው። ኮንፌዴሬሽኑ እነዚህን ጥያቄዎች ይዞ የሜይ ዴይ በዓልን፣ ሚያዝያ 23 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በሰላማዊ ሰልፍ ለማክበር ያቀደው ዕቅድ ፈቃድ ሳያገኝ ቀረ። ሁለቱ ጥያቄዎች በ1966 ዓ.ም. ከተዘረዘሩት ጋር ሲተያዩ የደመወዝ ወለሉ አንድ ቃል እንኳ ሳይለወጥ ግማሽ ምዕተ ዓመት መሻገሩ ያሳዝናል።

የሠራተኛ ማኅበር ወደ ፖለቲካ መግባቱ በራሱ ሠራተኛውን ያድናል ማለት አይደለም። በዛምቢያ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንግረስ መሪ የነበሩት ፍሬድሪክ ቺሉባ እ.ኤ.አ. በ1991 ኬኔት ካውንዳን በምርጫ አሸንፈው ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላ፣ በሠራተኛ ትከሻ ላይ ቆመው የወጡት ሰው የመዳብ ማውጫዎቹን ወደ ግል አዛውረው ብዙ ሺህ ሠራተኛ ከሥራ ሲወጣ ታየ። የቱኒዚያው አጠቃላይ የሠራተኞች ኅብረት በአንፃሩ ሥልጣን ሳይዝ፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 አብዮት በኋላ ተፋላሚ ፓርቲዎችን አስታርቆ በ2015 የኖቤል የሰላም ሽልማትን ከተጋሩት አራት ድርጅቶች አንዱ ሆነ። ለኢትዮጵያ የሚበጃት የኋለኛው ዓይነት ነው፤ እሱ ግን ማኅበሩ ከመንግሥት መዋቅርም ከፓርቲ መዋቅርም ውጭ የራሱ እግር እንዲኖረው ይጠይቃል።

በአሶሳ ያለው የመንግሥት ሠራተኛ ይህን እግር የሚተክልበት መሬት የለውም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞች የመደራጀት መብት እንዳላቸው ቢደነግግም፣ የሲቪል ሰርቪስ ሕጎች ለዚህ መብት ማስፈጸሚያ ሳያበጁ አሥርት ዓመታት አለፉ፤ የዓለም ሥራ ድርጅት ባለሙያዎችም ጉዳዩን ደጋግመው አንስተዋል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በአገሪቱ የተለያዩ ሆስፒታሎች የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ጥያቄ ሥራ ሲያቆሙ ብዙዎቹ የታሰሩት፣ ለመደራደር የሚወክላቸው በሕግ የታወቀ የሠራተኛ ማኅበር ባልነበረበት ሁኔታ ነው። በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ላይ፣ ከጥቅል ደመወዙ ቀጥሎ የሥራ ግብር፣ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የሕዳሴው ግድብ ቦንድ በየዓምዳቸው ይሰፍራሉ፤ ለቦንዱ የመንግሥት ሠራተኛው የአንድ ወር ደመወዙን በየወሩ ከፋፍሎ ሰጥቷል። የሠራተኛ ማኅበር መዋጮ የሚል ዓምድ ግን በዚያ ሰነድ ላይ የለም።

የወርቅ አውጪው ጉዳይ ከዚህ ይለያል። በአሶሳ ዞን ከጥንት ጀምሮ፣ በሼክ ኮጀሌ አል ሐሰን ዘመን ለምኒልክ ቤተ መንግሥት በግብር ይቀርብ የነበረውን ወርቅ ጨምሮ፣ ወርቅ የሚወጣው በእጅ ነው፤ አፈሩ ከጉድጓድ ተቆፍሮ ወደ ውሃ ይወሰዳል፣ ብዙ ጊዜ ሴቶች በገበቴ እያሽከረከሩ ድንጋዩንና ጭቃውን ያፈስሳሉ፣ በገበቴው ሥር የቀረችው ብናኝ በትንሽ ሚዛን ተመዝና ለደላላ ትሸጣለች። ሥራው ቀን ሙሉ ጎንበስ ብሎ መዋልን ይጠይቃል፣ ጉድጓድ ሲናድም ሰው ይቀብራል፤ ሕጉ ግን ሠራተኛ የሚለው አሠሪ ያለውን ሰው ስለሆነ፣ ደላላውም አሠሪ ስላልሆነ፣ ወርቅ አውጪዋ ያላት አማራጭ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበር ምርትን በጋራ ለማምረትና ለመሸጥ የሚቋቋም የንግድ ተቋም ነው፤ ከአሠሪ ጋር መደራደርን፣ አድማን፣ የጉዳት ካሳን አያውቅም፤ ሁለቱ ማኅበራት በስማቸው ቢመሳሰሉም ሥራቸው የተለያየ ነው። ለአዝመራ የሚመጣው የቀን ሠራተኛም ከወቅቱ ጋር መጥቶ ከወቅቱ ጋር ስለሚሄድ፣ በመተከል በተደጋጋሚ የደረሰው ጥቃት ሕይወቱን ሲያናጋው ስሙን የመዘገበ፣ ደመወዙን የተከራከረለት ማኅበር አልነበረም።

በጉባ ደግሞ አሠሪ ነበረ፣ ሠራተኛም በሺህ ይቆጠር ነበር። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ከተቀመጠበት ጊዜ ጀምሮ በዋና ተቋራጭነት የሠራው የኢጣሊያው ሳሊኒ፣ በ1970ዎቹ በዚያው ዞን የጣና በለስን ፕሮጀክት የሠራው ኩባንያ ነው፤ ያኔም በጊዜው በነበረው ድርቅ ምክንያት ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች ወደ ፓዌ የሰፈሩ ቤተሰቦች ጉልበት የታየበት ዘመን ነበር። 145 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ኮንክሪት የተሞላው ግድብ በቆላው ሙቀት ሌትና ቀን በፈረቃ ሲሠራ፣ የአብዛኛው ሠራተኛ ውል ለተወሰነ ሥራ የሚባለው ዓይነት ነበር፤ ይህም ሥራው ሲያልቅ ውሉ አብሮ የሚያልቅበት ሥርዓት ነው። ግድቡ ብሔራዊ ጉዳይ ሆኖ በመላው አገር ሲዘመርለት፣ በዚያው ቦታ የሚነሳ የደመወዝ ወይም የደኅንነት ጥያቄ አገርን እንደ መተናኮል እንዳይቆጠር የሚሰጋ ሠራተኛ ምን ያህል ድምፁን ዝቅ እንደሚያደርግ ለመገመት ብዙ ምርምር አያሻም፤ ከጉባ ወደ አዲስ አበባ ያለው ርቀትም ድምፁን የሚያደርስ አይደለም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ለአገሪቱ ተጨመረ፤ ኮንክሪቱን የሞሉት ሠራተኞች ውላቸው ባለቀ ቁጥር በየአቅጣጫው ተበትነዋል።

ከዚያው ክልል በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ ከሱዳን ድንበር አጠገብ፣ በኩርሙክ ወረዳ አላይድ ጎልድ የተባለው የካናዳ ኩባንያ ትልቅ የወርቅ ማዕድን ማውጫ እየገነባ ነው። ይህ ከግድቡ የሚለይበት ነገር ሥራው ለዓመታት የሚቀጥል፣ ሠራተኛውም ቋሚ ሊሆን የሚችል መሆኑ ነው፤ ወርቁ በገበቴ ሳይሆን በማሽንና በኬሚካል ስለሚለይ የደኅንነቱ ጥያቄ ከመጀመሪያው ቀን የሚነሳ ነው፤ ቀድሞ በእጅ ወርቅ ያወጡ የነበሩት የበርታ ብሔረሰብ ወጣቶች ለዚያ ሥራ ይቀጠራሉ ወይስ ሰው ከሌላ ቦታ ይመጣል የሚለውም ከደመወዝ ጋር ተያይዞ መመለስ ያለበት ነው። አሠሪው መንግሥት ሳይሆን የግል ኩባንያ ስለሆነ የአዋጅ 1156 ድንጋጌዎች በሙሉ ይሠራሉ፤ መሠረታዊ ማኅበር ለመመሥረት 10 ሰዎች ተሰብስበው መተዳደሪያ ደንብ ማጽደቅ፣ መሪዎቻቸውን መምረጥ፣ ቃለ ጉባኤውን ፈርመው ለምዝገባ ማቅረብ ይበቃቸዋል።